ፉርጎው ከመምጣቱ በፊት መጠለያው ይቁም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

በጎጃም ምድር ሐዲድ ተዘርግቶ አያውቅም። ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ በባህር ዳርና በወረታ ወደ ወልድያ እንዲሄድ የታሰበው መስመርም ዕቅድ ሆኖ ቀርቷል። እንዲያም ሆኖ ከአሮጌው የኢትዮ-ጅቡቲ ባቡር አንድ ፉርጎ አምጥቶ ባህር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ላይ ማቆም የሚል ሐሳብ ይነሳል፤ አንዱ ለሙዚየም፣ ሌላው ለቡና ቤት ይፈልገዋል። ሐሳቡን ከልብ እንደግፋለን። የምንቃወመው ፉርጎውን አስቀድሞ መጠለያውን ለነገ ማሳደርን ነው።

የትኛው ፉርጎ ይምጣ ቢባል ምርጫችን ከባቡሩ ጭራ የሚቀጠለው፣ የእጅ ፍሬን ያለው ነው። የአየር ፍሬን ባቡሩን በሙሉ መያዝ ሳይጀምር በፊት ከኋላ የሚቀመጠው ሠራተኛ የፍሬኑን መሪ አዙሮ ጭራውን ይይዝ ነበር። ዳገት ላይ ማያያዣ ቢበጠስ የተቆረጡት ፉርጎዎች ቁልቁል እንዳይንደረደሩ የሚያቆማቸው እሱ ነው። ኩሽኔታ ዘይት ጨርሶ ሲግልና ሲጨስ፣ የተፈታ ብረት መሬት ሲጎትት ቀድሞ የሚያየውም እሱ ነው። ማታ ከኋላ ቀይ ፋኖስ ይሰቅላል፤ ባቡሩ ሲያልፍ ፋኖሱ ካልታየ ጭራው መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ አዲስ አበባ ድረስ ከ2,300 ሜትር በላይ በሚወጣ መስመር ፍሬን ቀልድ አይደለም።

አሜሪካኖች ይህን ፉርጎ ካቡስ ይሉታል። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ የፍሬኑን የአየር ግፊት በሬዲዮ ለሾፌሩ የሚያደርስ ትንሽ ሳጥን በመጨረሻው ማያያዣ ላይ እየተሰቀለ ካቡስን ከሥራ አስወጣው። ብዙዎቹ በየመናፈሻው ለዕይታ ቆሙ፤ ያለ መጠለያ ሜዳ ላይ የተተዉት እንጨታቸው በሰበሰ።

የእኛዎቹ ረጅም ዕድሜ አላቸው። ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መስመሩን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው፤ ሐዲዱ ድሬዳዋ በ1895፣ አዲስ አበባ በ1909 ደረሰ፤ የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ በ1922 ተመረቀ። ከዚያ መስመር የተረፈው ዕቃ እስከ ዛሬ የቆየው በከፊል የድሬዳዋ አየር ደረቅ ስለሆነ ነው። ድሬዳዋ በዓመት የሚጥለው ዝናብ 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ባህር ዳር ግን 1,400 አካባቢ፣ ያውም አብዛኛው በክረምት ወራት። እዚያ ለዘመናት የቆመ እንጨት እዚህ በጥቂት ክረምት ያልቃል።

ፉርጎ የሚሞተው ከላይ ነው። የጥንት ፉርጎ ጣራ ብዙውን ጊዜ ጎን ለጎን የተገጣጠመ ሳንቃ ሆኖ በላዩ ቀለም የጠጣ ሸራ ይወጠርበታል። ሸራው በጥፍር ልክ ሲሰነጠቅ ውሃው ወዲያው ወደ ውስጥ አያንጠባጥብም፤ በሳንቃው ላይ ተጉዞ ግድግዳና ጣራ በሚገናኙበት አግዳሚ ላይ ይተኛል። ከዚያ በማዕዘኑ ቋሚ ወርዶ እንጨቱ ከብረት ሻሲው ጋር በብሎን የታሰረበት ላይ ያርፋል። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚፈልግ ላሜራውን ያሳብጣል፣ የሪቬቱን ራስ ይፈነቅላል። በዚህ ሁሉ መካከል የውጭው ቀለም ደህና ይመስላል። ጉዳቱ የሚታወቀው በወስፌ ነው፦ የቋሚው ግርጌ ላይ ሲገፋ ደህና እንጨት ጫፉን ብቻ ያስገባል፤ የበሰበሰው እስከ እጀታው ይውጠዋል።

የተለመደው ጥገና ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። በሸራው ላይ ቆርቆሮ በሚስማር ሲመታ እያንዳንዱ ሚስማር አዲስ ቀዳዳ ነው፤ በመካከል የታፈነው እርጥበትም መውጫ ያጣል። የተበላ ላሜራ ላይ ሌላ ላሜራ በሳልዳቱራ መለጠፍም እንዲሁ ነው፤ የተበላው ተቆርጦ መውጣት አለበት።

መጠለያው ቀላል ነው፦ የብረት ምሰሶ፣ ከፉርጎው በየአቅጣጫው ቢያንስ 1.5 ሜትር የሚያልፍ ጣራ፣ አሸንዳ፣ ውሃ የሚያርቅ ቦይ። ጎኑ ክፍት ይሁንና ንፋስ ያድርቀው። ከሥሩ 30 ሳንቲ ሜትር ጠጠር ይነጠፍ። ሐዲዱም የራሱ ይሁን፤ የአሮጌው መስመር ስፋት 1 ሜትር ሲሆን በ2009 የተመረቀው አዲሱ 1.435 ሜትር ስለሆነ የአዲሱ ተጋዳሚ፣ ማለትም ከሐዲዱ ሥር በአግድም የሚነጠፈው፣ አይገጥመውም። ፉርጎው ሲጠየቅ ሐዲዱ ከነብረት ተጋዳሚው አብሮ ይጠየቅ። በእንጨት ከተተካ ምስጥ ይገባበታል።

ጉዞው ጥንቃቄ ይሻል። ፉርጎው በክሬን ሲነሳ መንኮራኩሩና አክስሉ ከሻሲው ጋር በሰንሰለት ካልታሰሩ ከማቀፊያቸው ሊወጡ ይችላሉ፤ ካልሆነ ፈትቶ ለብቻ መጫን ይሻላል። ሎቤዱ (ከባድ ዕቃ የሚጫንበት ዝቅ ያለ ተጎታች) ላይ ሲሆን ከመሬት ያለው ከፍታ ይለካ፤ የከተማ የኤሌክትሪክ ሽቦ ብዙ ቦታ ዝቅ ያለ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት በክረምት አይሞከር። የአምራቹ ሰሌዳ፣ ፋኖሱና የናስ ዕቃው በቁጥር ተመዝግቦ ለብቻ ይጓዝ፤ ያልተመዘገበ ናስ መጨረሻው ቁራሌው ዘንድ ነው።

አሮጌው ቀለም በደረቁ አይፈተግ፣ በእሳትም አይቃጠል፤ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ አቧራውና ጭሱ ሠራተኛውን፣ ይልቁንም ሕፃናትን ይመርዛል። በውሃ እያራሱ መፋቅ፣ ጭምብል ማድረግ፣ ፍቅፋቂውንም ለቅሞ ማሸግ ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት ግን በሳንቲም ስፋት አንድ ቦታ ላይ በረቂቅ ብርጭቆ ወረቀት በውሃ ቀስ ብሎ ማሸት ነው፤ ቀለሞቹ እንደ ቀለበት አንዱ በአንዱ ውስጥ ይታያሉ፣ መካከል ላይ ያለው የመጀመሪያው ነው። ባትሪ ከጎን ሲበራበትም የተቀባ ቁጥርና ጽሑፍ ይወጣል። ይህ በፎቶ ሳይያዝ ብሩሽ አይነሳ።

የሚተካው እንጨት እርጥብ ባህር ዛፍ አይሁን፤ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ከፈረሰ ቤት የወጣ የደረቀ ጥድ ወይም ዋንዛ ይበጃል። የበሰበሰው ብቻ ተቆርጦ በሰያፍ ቅጥያ ይተካ፤ ሙሉውን ቋሚ መጣል የፉርጎውን ግማሽ ታሪክ መጣል ነው።

ፈቃድም አለ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የተመዘገበ ተንቀሳቃሽ ቅርስ ከቦታው ሲነሳ የቅርስ ባለሥልጣን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ተቀባዩ ወገንም በየዓመቱ ከሰኔ በፊት አሸንዳውን የሚጠርግና በጥቅምት ቋሚዎቹን በወስፌ የሚፈትሽ ሰው መድቦ በጽሑፍ ይፈርም። ለመጠለያው የሚበቃ ገንዘብ ካልተገኘ ግን ፉርጎው ድሬዳዋ ባለበት ይቆይ።

የብረታ ብረትና የእንጨት ሥራ ባለሙያዎች
ደብረ ማርቆስ