የኬሚስትሪ ሁለተኛ ዲግሪ ዘርፍ በወሬ አይመረጥ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

በየዓመቱ ክረምቱ ሊወጣ ሲል የዩኒቨርሲቲዎች የድኅረ ምረቃ ማስታወቂያ በጋዜጣዎች ላይ ይወጣል። እኔም የኬሚስትሪ መምህር ነኝና ዐይኔ ቀድሞ የሚያርፈው በዚሁ ትምህርት ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው አራት ስሞችን ነው፤ አናሊቲካል (በናሙና ውስጥ ምን፣ ምን ያህል እንዳለ የሚለካው)፣ ኦርጋኒክ (የካርቦን ውህዶችን የሚያጠናው)፣ ኢንኦርጋኒክ (ማዕድናትንና ብረታ ብረትን የሚያጠናው) እና ፊዚካል (የኬሚካዊ ለውጦችን ሕግ በሒሳብ የሚያጠናው) ኬሚስትሪ። ከስሞቹ ቀጥሎ የመመዝገቢያው ቀን፣ የማመልከቻው ክፍያና መቅረብ ያለባቸው ማስረጃዎች ይዘረዘራሉ። አመልካቹ ቀጣዮቹን ሁለት ዓመታት፣ ምናልባትም የቀረውን የሙያ ዘመኑን የሚያሳልፍበትን ዘርፍ እንዲመርጥ የሚጠየቀው በዚህችው መረጃ ነው። ሰሞኑን ከመቂ አካባቢ የመጣች አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ቅጹን ይዛ «ቲቸር፣ የትኛውን ልሙላ?» ብላ ጠየቀችኝ። ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት እኔም ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ስሄድ የተሰጠኝን መልስ ልደግምላት አፌን ስከፍት፣ ያ መልስ እኔን ምን እንዳስከፈለኝ አስታውሼ ዝም አልኩ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩትም ስለዚህ ነው።

ያን ጊዜ የተሰጠኝ መልስ «አናሊቲካል ሙላ፤ ሥራ ያለው እዚያ ነው» የሚል ነበር። ሞላሁ። ከእኔ ጋር የተቀበሉት ተማሪዎችም ከጥቂቶች በቀር ያንኑ ሞልተው ስለነበር ትምህርት ክፍሉ በመጀመሪያ ዲግሪ ውጤታችን ደልድሎ እኔን ኦርጋኒክ ውስጥ አስገባኝ። ቅሬታዬ በድልድሉ ላይ አይደለም፤ አማካሪ መምህራን በየዘርፉ ተከፋፍለው በሚገኙበት ሁኔታ ተማሪው ሁሉ በአንድ ዘርፍ ሊታጎር እንደማይችል ዛሬ በሚገባ እረዳለሁ። የሚቆጨኝ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ፣ ምን ያህል ጊዜና ምን ዓይነት መሣሪያ እንደሚጠይቅ ማንም ሳይነግረኝ፣ እኔም መጠየቅ እንዳለብኝ ሳላውቅ መግባቴ ነው። የተሰጠኝ ርዕስ በአንድ የመድኃኒት ተክል ሥር ውስጥ የሚገኙትን ውህዶች ነጥሎ ማውጣት ነበር። ሥሩን አድርቄ ፈጨሁ፣ በሜታኖል ዘፈዘፍኩ፣ ሜታኖሉን አትንኜ የቀረውን ዝልግልግ ነገር በሲሊካ ጄል በተሞላ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ደጋግሜ አሳለፍኩ። ከሰባት ወር ሥራ በኋላ በእጄ የቀረው ንጹሕ ውህድ 30 ሚሊ ግራም አይሞላም ነበር። የዚህ ውህድ ቅርጽ የሚታወቀው ደግሞ ኤንኤምአር በተባለው መሣሪያ ነው፤ ይህ መሣሪያ እኛ ዘንድ ስላልነበረ ናሙናው ወደ ሌላ ተቋም ተልኮ ውጤቱ እስኪመለስ አምስት ወር ጠበቅሁ። ቤተሰቤን ትቼ ለሁለት ዓመት የሄድኩበት ትምህርት ሦስት ዓመት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ምኞቱ ደርሶለት አናሊቲካል የገባው ጓደኛዬም የተሻለ ዕድል አልገጠመውም። ከከተማ በሚወጣ የወንዝ ውሃ በሚለማ ጎመንና ሰላጣ ውስጥ እርሳስና ካድሚየም ምን ያህል እንደሚገኝ ሊለካ ፕሮፖዛል አቀረበ፤ ጸደቀለትም። አቶሚክ አብዞርፕሽን የሚባለው መለኪያ ግን ለሚለካው ለእያንዳንዱ ንጥረ ነገር የየራሱ መብራት ይፈልጋል፤ በቤተ ሙከራው ውስጥ የሚሠሩት ደግሞ የዚንክ፣ የመዳብና የብረት መብራቶች ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ጓደኛዬ የለካው ዚንክ፣ መዳብና ብረት ነው። ለጤና የሚያሰጉት እርሳስና ካድሚየም ከመመረቂያ ጽሑፉ ወጡ፤ የወጡትም ሳይንሱ አያስፈልጉም ስላለ ሳይሆን መብራት ስላልተገኘ ነው። ይህን በየዩኒቨርሲቲው ያለፉ የሥራ ባልደረቦቼ ሲሰሙ አይገርማቸውም፤ ሁሉም የየራሱ ተመሳሳይ ታሪክ አለው። አንዱ ዘንድ የአሲቲሊን ጋዝ አልቋል፣ ሌላው ዘንድ ውህዶችን የሚለየው የክሮማቶግራፊ ቱቦ (ኮለም) አርጅቷል፣ ሦስተኛው ዘንድ ከውጭ የታዘዘው ኬሚካል በውጭ ምንዛሬ እጥረት ዓመት አልፎታል።

ስለዚህ ዘርፍ ሲመረጥ መነሣት ያለበት የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛው ሥራ ያስገኛል?» መሆኑ ቀርቶ «በየትኛው ችግር ላይ መሥራት እፈልጋለሁ? እዚህ ባለው መሣሪያና አማካሪስ ይሠራል ወይ?» ቢሆን እላለሁ። አራቱ ስሞች ለማስተማሪያ እንዲመቹ የተሠመሩ ድንበሮች ናቸው፤ በአገራችን ያሉት ችግሮች ግን ድንበሩን አክብረው አይቀመጡም። ለዚህ ከስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ የተሻለ ምሳሌ አላገኝም፤ ተማሪዬ ያደገችበት አገር ነው፣ እኔም የማስተምረው እዚያው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ እንዲኖር የሚመክረው የፍሎራይድ ጣራ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በስምጥ ሸለቆ ባሉ አንዳንድ ጉድጓዶች ይህ መጠን ከ10 ሚሊ ግራም በላይ ይደርሳል። በልጅነታቸው ይህን ውሃ የጠጡ ሰዎች ጥርሳቸው ቡናማ ይሆናል፤ ለብዙ ዓመታት ሲጠጡት ደግሞ አጥንትና መገጣጠሚያን ይጎዳል። ለምን እዚያ በዛ ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ የሚገባው ወደ ኢንኦርጋኒክና ፊዚካል ኬሚስትሪ ነው፤ ውሃው በእሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ አልፎ ሲመጣ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ይበዛበታል፣ ካልሲየም ግን ያንሰዋል፤ ካልሲየም በበቂ ቢኖር ኖሮ ፍሎራይዱን ይዞ ካልሲየም ፍሎራይድ ሆኖ ይዘቅጥ ነበር። ምን ያህል አለ ብሎ የሚጠይቅ አናሊቲካል ኬሚስት ነው፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ፍሎራይድን ለይቶ የሚያነብ ኤሌክትሮድ ደግሞ ከሌሎቹ መለኪያዎች አንጻር ዋጋው የማይከብድ፣ በትንሽ ቤተ ሙከራም ሊሠራበት የሚችል ነው። እንዴት ይወገዳል የሚለው ጥያቄ ወደ ቁሳቁስ ኬሚስትሪ ይወስዳል። በሕንድ ናልጎንዳ በተባለ ቦታ ስም የሚጠራው ዘዴ አሉሚኒየም ሰልፌትና ኖራ ይጠቀማል፤ ሌላው ዘዴ የከሰለ የከብት አጥንት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስፔን ተመራማሪዎችም በአገራችን በሚገኝ ስቲልባይት በተባለ የዜኦላይት (ባለ ጥቃቅን ቀዳዳ) ማዕድን ላይ ሃይድሮክሲአፓታይት የተባለውን የአጥንት ዓይነት ማዕድን አሳድገው ፍሎራይድ እንዲይዝ አድርገዋል። አንድ ችግር በርካታ ዘርፎችን እንዲህ ያዞራል። ፍሎራይድ ላይ ልሥራ ብሎ የተነሣ ተማሪ የትኛውም ዘርፍ ቢደርሰው ሥራ አያጣም፤ «አናሊቲካል ልግባ» ብቻ ብሎ የተነሣ ግን ድልድሉ ሌላ ቦታ ሲጥለው እንደ እኔ አንድ ሴሚስተር ሙሉ በኀዘን ያሳልፋል።

አናሊቲካል ኬሚስትሪ መለካት ብቻ ነው የሚለውን አስተያየትም ልቃወም እወዳለሁ። የጤፍን ብረት እንውሰድ። ጤፍ በብረት የበለጸገ መሆኑ በሰፊው ይነገራል፤ ነገር ግን በዐውድማ ላይ በበሬ ሲወቃ ከአፈር ጋር ይገናኛል፣ የአፈሩም ብረት ከእህሉ ጋር አብሮ በአሲድ ሟምቶ መለኪያው ላይ ይነበባል። ስንቱ የጤፉ፣ ስንቱ የዐውድማው ነው? ይህን ለመለየት ናሙናው እንዴት እንደሚታጠብ፣ ከአፈር የሚመጡ ሌሎች ንጥረ ነገሮች እንዴት እንደ ምልክት እንደሚያገለግሉ ማሰብ ያስፈልጋል፤ የሥራው ዋና ክፍል ከመሣሪያው በፊት ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ውስጥ ከፈቀደችው መጠን በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አግኝታ ገበያው ሲታወክ፣ ጥርጣሬው ካመራባቸው ነገሮች አንዱ ቡናው የተጫነበት ጆንያ ነበር። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ወተት ውስጥ የተገኘው አፍላቶክሲን የተባለ የሻጋታ መርዝም ዋነኛ መነሻው ላሟ የምትበላው የኑግ ፋጉሎ መሆኑን ያሳዩት ኬሚካዊ ምርመራዎች ናቸው። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሰው ቁጥር አንባቢ ብቻ አይደለም፤ የገበሬውንም የነጋዴውንም የልጅ እናትንም ጥያቄ የሚመልስ ነው።

ሳልፈልግ የገባሁበትን ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ዛሬ እወደዋለሁ፤ ስለዚህም ጥቂት ልቆይበት። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያን ተሕዋስ የሚያስተላልፉ ናቸው። አክሊሉ ኬሚስት አልነበሩም፤ ያዩትን ነገር ወደ መድኃኒትነት ለማምጣት ግን የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ሥራ አስፈለገ፤ ከእንዶድ ፍሬ የተለየው ሳፖኒንም (እንደ ሳሙና የሚያረፋ ውህድ ነው) በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ችግሩ ቀድሞ ታየ፣ ዘርፉ በኋላ ተጠራ። ዛሬም በመተማና በትግራይ ቆላ ከሚበቅለው ዛፍ የሚወርደው ዕጣን በአመዛኙ በጥሬው ወደ ውጭ ይሄዳል፤ በዘይቱ ውስጥ ዋናው ኦክቲል አሲቴት መሆኑን የሚያውቅ፣ አንጥሮና ደረጃውን ለክቶ ለገበያ ማቅረብ የሚችል ባለሙያ ቢበዛ የዕጣን ለቃሚው ድካም የሚያስገኘው ዋጋ የተለየ በሆነ ነበር።

ፊዚካል ኬሚስትሪን ብዙ ተማሪ በሒሳቡ ይፈራዋል። እኔ ግን መሣሪያ በሌለበት ዩኒቨርሲቲ ለሚማር ተማሪ ኬሚካዊ ጥያቄዎችን በኮምፒውተር ስሌት የሚመልሰውን የዚሁ ዘርፍ ክፍል፣ ስሌታዊ ኬሚስትሪን፣ ከሁሉ አስቀድሜ እመክራለሁ፤ ኮምፒውተር፣ ኤሌክትሪክና ጥሩ አማካሪ ካለ እንደ ኤንኤምአር ያሉ መሣሪያዎች የሚቀዘቅዙበት የሄሊየም እጥረት አያስቆመውም።

ስለ ሥራ ቅጥርም እውነቱን መናገር ይገባል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከጥቂቶች ተነሥተው ከአርባ በላይ በሆኑባቸው ዓመታት የኬሚስትሪ ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ሰው ዘርፉ ምንም ይሁን ምን መምህር ሆኖ ይቀጠር ነበር። ያ በር ዛሬ ጠቧል። የቀሩት በሮች የመድኃኒት ፋብሪካ፣ የውሃና የምግብ ጥራት ቤተ ሙከራ፣ የቆዳ ፋብሪካ፣ የቢራና የሲሚንቶ ፋብሪካ ናቸው፤ እነዚህ ቀጣሪዎች ደግሞ የሚጠይቁት የዘርፉን ስም ሳይሆን አመልካቹ በእጁ ምን እንደሠራ ነው። ኤችፒኤልሲ በተባለው፣ ውህዶችን ለይቶ በሚለካው መሣሪያ ላይ ስድስት ወር የሠራ የኦርጋኒክ ምሩቅ፣ መሣሪያውን በሥዕል ብቻ ካየ የአናሊቲካል ምሩቅ ይቀድማል።

እንግዲህ ከትምህርት ክፍሎች የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የማያስወጣ ነገር ነው። ከማስታወቂያው ጋር ወይም በምዝገባው ክፍል በር ላይ አንድ ገጽ ይለጠፍ፤ በዚያ ገጽ ላይ በዘንድሮው ዓመት በእርግጥ የሚሠሩት መሣሪያዎች፣ ተማሪ የሚቀበሉ አማካሪዎችና እየሠሩባቸው ያሉ ችግሮች፣ ያለፉት ተማሪዎችም ጽሑፋቸውን ለመጨረስ የፈጀባቸው ጊዜ በሐቀኝነት ይጻፍ። የተበላሸውን ተበላሽቷል ማለት አያሳፍርም፤ ተማሪውን ካስገቡ በኋላ መንገር ነው የሚያሳፍረው። ከዚህ ሌላ የዘርፍ ምርጫው እስከ መጀመሪያው ሴሚስተር መጨረሻ ቢዘገይ መልካም ነው። በዚያ ሴሚስተር ሁሉም ተማሪ ከየዘርፉ አንድ አንድ ኮርስ ቢወስድ፣ በየቤተ ሙከራውም ለጥቂት ሳምንታት ቢገባ፣ ድልድል እንኳ ቢያስፈልግ በእውቀት ላይ የቆመ ይሆናል። ኮርሶቹ ገና ከመጀመሪያው በዘርፍ ስለሚለያዩ ይህ የፕሮግራም ለውጥ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አንድ ሴሚስተር ማስተካከል፣ አንድ ተማሪ ዓመት ሙሉ ናሙና ሲጠብቅ ከማየት ይቀላል። ከ2016 የትምህርት ዘመን ጀምሮ የተጀመረው ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማን መግባት እንዳለበት ይለያል፤ ገብቶ የት መቆም እንዳለበት የመንገሩ ኃላፊነት ግን አሁንም የትምህርት ክፍሎቹ ነው።

ተማሪዬን ቅጹን ሳትሞላ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄዳ ቤተ ሙከራውን እንድታሳያት የላብ ቴክኒሺያኗን እንድትለምን፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ያሉ ተማሪዎችንም ናሙናቸውን የት እንደሚያስለኩ እንድትጠይቅ መክሬ ሸኘኋት። ከመሄዷ በፊት የታናሽ ወንድሟ ጥርስ ለምን ቡናማ እንደሆነ ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኋት። በሰፈራቸው የሁሉም ልጅ ጥርስ እንደዚያ ስለሆነ ጠይቃ እንደማታውቅ ነገረችኝ፤ ከዚያም ጥቂት ዝም ብላ «ይህ በየትኛው ዘርፍ ነው የሚጠናው?» አለች። ምዝገባው በሚቀጥለው ዓርብ ይዘጋል፤ በቅጹ ላይ ያልተሞላው ቦታም የዘርፉ ብቻ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህር
አዳማ