አድሪያን መሞቷን ማንም አልነገረንም

አባዬ፣ እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ትልቁ ልጅ በቁመት በልጦኛል። ትንሿ ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው፣ ጣሪያ ላይ ልወርውር ብላ አስቸግራኛለች፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆነን የምን ጣሪያ!

ባለፈው ቅዳሜ ከትልቁ ጋር የቦክሰኛውን ፊልም፣ ሮኪን አየን። የድሮውን ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣውን፣ «ሮኪ ባልቦአ» የሚባለውን። አምስተኛው ከወጣ ከ16 ዓመት በኋላ፣ ስታሎን በስልሳ ዓመቱ የሠራው ነው። አንተ አላየኸውም። የአንተ አራተኛው ነበር። ካሴቱን ለአንድ ሌሊት ተከራይተህ፣ ዴኩን ከጎረቤት ተውሰህ፣ ሮኪ ድራጎ የሚባለውን የሶቪየት ቦክሰኛ መምታት ሲጀምር ዘለህ ተነሣህ፤ ወዲያው ደግሞ «ድምፁን ቀንሺው» አልከኝ። በደርግ ጊዜ ለሩሲያዊ መሸነፍ ማጨብጨብ ቀልድ አልነበረም።

በዚህኛው ፊልም የሮኪ ሚስት አድሪያን የለችም። መቼ እንደታመመች፣ ማን እንዳስታመማት አናይም፤ ገና ሳንደላደል መቃብሯ ዘንድ ያደርሱናል። ሮኪ እዚያ ካለ ዛፍ ላይ ታጣፊ ወንበር አኑሯል። ያወርደዋል፣ ተቀምጦ ያጫውታታል፣ ሲሄድ መልሶ ዛፉ ላይ ያኖረዋል። ልጄ ዞር ብሎ አየኝና «እማዬ፣ ምን ያስለቅስሻል? ቦክሱ እኮ ገና አልተጀመረም» አለኝ።

እኔም የደረስኩት እንዲሁ ነበር፣ አባዬ። እማዬን አገናኘኝ ስልህ ስድስት ወር ሙሉ «ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች»፣ «አሁን ገና ተኛች» ስትለኝ አመንኩህ። ከዚያ አንድ ቀን ገና ሳይነጋ በሬ ተንኳኳ፤ ስከፍት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። መርዶ ደንብ ነው፣ በሰው አገር ያለ ሰው ብቻውን እንዳይሰማ ነው፤ ይገባኛል። ግን ማስታመሙንም ነፈግኸኝ። አንድ ቀን እንኳን እግሯን አላጠብኩላትም። ይህን በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንዴም አላልኩህም።

የሮኪ ልጅ በአባቱ ስም ጥላ ሥር መኖር ሰልችቶኛል እያለ ያማርራል። እኔ በስምህ ስጠራ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። የተቀየምኩት ዝም ማለትህን ነው።

የላክሁልህን የግፊት መለኪያ ትጠቀምበታለህ? ባትሪውን አውጥተህ ሬዲዮኑ ውስጥ እንዳስገባኸው ሰምቻለሁ።

ሌላም ሰምቻለሁ። እህቴ አፏ አምልጧት ነው፣ እንዳትቆጣት። ሐኪሙ ናሙና ይወሰድ ቢልህ «ደግሞ ለስንት ቀን ዕድሜ» ብለህ ትተኸው ወጣህ አሉ።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ «ክሪድ» የሚባል ደግሞ አለ። እዚያ ያ ስሙን የማልጠራው በሽታ ሮኪን ራሱን ይይዘዋል። ሕክምናው ለአድሪያን ምን ፈየደላት ብሎ እምቢ ይላል፣ የድሮ ተጋጣሚውና ወዳጁ የአፖሎ ልጅ ለምኖ እስኪያሸንፈው ድረስ። ሁለቱንም ፊልም በፍላሽ ጭኜ ለመንገደኛ ሰጥቼልሃለሁ፤ ከመድኃኒቱ ጋር ነው፣ ቅዳሜ ይደርስሃል።

ቀጠሮውን አሲዝና ቀኑን አንተው ደውለህ ንገረኝ፤ እህቴን እንዳታስደውል። እዚህ ሌሊት ነው ብለህ አትሳቀቅ፣ ስልኬን አላጠፋም። ውጤቱንም ከአንተ አፍ ልስማው።

ልጅህ