መምጫሽና መመለሻሽ እኩል አይደሉም

ይድረስ ለልጄ ለሕይወት፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? ቢኒስ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ከአሁኑ የበርበሬ ዝግጅት ጀምራለች፤ ቤቱ ሁሉ ያስነጥሳል።

የላክሽልኝን ሁለቱንም የቲኬት አማራጮች አየሁ። ሁለት ቦታ እያረፈ የሚመጣው ርካሽ ነው፣ ገባኝ። ግን የሁለት ዓመት ልጅ ታቅፈሽ በሌሊት ከበር በር መሮጥ አለ። ለመምጫው በቀጥታ የሚበረውን ቁረጪ ባይ ነኝ። የጂኦግራፊ አስተማሪ ጡረታ ቢወጣም ምክንያቱን ሳይዘረዝር አያልፍምና ስሚኝ።

ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሉሉ ላይ ክር ወጥሬ አየሁት። ክሩ አትላንቲክ ላይ ወደ ሰሜን ወጣ ይልና ስፔንን አቋርጦ በሰሃራ በኩል ቁልቁል ይመጣል። አውሮፕላኑ ግን ክሩን አጥብቆ አይከተልም። ነፋስ አለ፣ ጦርነትም አለ። በሚያዝያ 2015 የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ የአየር ክልሉ ተዘግቶ ስንቱ በረራ ዞሮ ለመሄድ ተገደደ።

ወደ እኛ ስትመጪ 13 ሰዓት ያህል ነው፣ ያለ ማረፊያ። ስትመለሺ ግን መንገድ ላይ ለነዳጅ ይቆማል፤ በየዘመኑ ሮምም፣ ደብሊንም፣ ሎሜም ሆኗል። ጠቅላላው 16፣ 17 ሰዓት ይደርሳል። ጎረቤታችን «መሬት ስለምትዞር ነው» ይላል። ቢሆንማ ኖሮ አዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ እየሸሸችሽ መምጫው ነበር የሚረዝመው! አየሩም እኮ ከመሬት ጋር አብሮ ይዞራል።

አንዱ ምክንያት ነፋስ ነው። ከፍ ብሎ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ስትመጪ ይገፋሻል፣ ስትመለሺ ፊት ለፊት ይገጥምሻል። ዋናው ግን ቦሌ ነው። ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ክንፉም የሚደገፍበት፣ ሞተሩም የሚስበው አየር ያንሰዋል። ስለዚህ መንገደኛውንም፣ ሻንጣውንም፣ እስከ አሜሪካ የሚያደርሰውን ነዳጅም አንድ ላይ ጭኖ መነሳት ይከብደዋል። የምትነሺበት የዋሽንግተኑ ደለስ (Dulles) ኤርፖርት ግን ከባሕር ጠለል 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ታንኩን ሞልቶ እልም ነው።

ለመመለሻው ርካሹን ብታዪ ግን አልከፋም። ያኔ ማረፉ ለማንም አይቀርም። መምጫና መመለሻውን ለያይቶ መቁረጥ ያስወድድ እንደሆነ ትኬት ቢሮውን ጠይቂ።

የሰዓቱን ነገር ደግሞ አደራ። ቲኬቱ ላይ ያለው የየከተማው ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 11:00 ተነስተሽ በማግስቱ 7:00 ትገቢያለሽ ሲል 20 ሰዓት ይመስላል፤ በክረምታችን የ7 ሰዓት ልዩነት ቀንሺለት። በእናንተ ብርድ ወራት ልዩነቱ 8 ነው። አጎትሽ ደግሞ 7:00 የሚለውን አይቶ «ሰባት ሰዓት ነው፣ ምሳ በልተን እንሄዳለን» ብሎ ነበር። ከጠዋቱ 1 ሰዓት መሆኑን ነግሬዋለሁ፣ አሁንም ያመነኝ አይመስለኝም።

ትኬቱን እንደቆረጥሽ የበረራ ቁጥሩን በቴሌግራም ላኪልኝ። ለአጎትሽ ባትልኪለት ይሻላል።

አባትሽ