ሌባ የሚያገኘን የሚኒባሱ በር ላይ ነው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

በድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር የምኖር፣ በጡረታ ላይ የምገኝ መምህርት ስሆን፣ ሐረር ጀጎል ውስጥ የሚኖሩትን አረጋዊት እናቴን ለመጠየቅ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ወጥቼ ማታ እመለሳለሁ። 55 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን ይህን መንገድ ለብዙ ዓመታት ስለተመላለስኩበት፣ ኪስ አውላቂ የሚያጠቃው ለአገሩ እንግዳ የሆነውን ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ታኅሣሥ ወር የደረሰብኝ ነገር ይህን ግምቴን ስላፈረሰው፣ በየዕለቱ እንደኔ የሚሳፈሩ ወገኖቼ ሳይዘጋጁ እንዳይያዙ ስል ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

አመሻሹ ላይ 12 ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ሐረር ሸዋ በር አካባቢ ወደ ድሬዳዋ የሚመለሰው ሰው ብዙ፣ መኪናው ግን አንድ ብቻ ነበርና፣ በሩ ሲከፈት ሁላችንም በአንድ ጊዜ ተጋፋን። በአንድ እጄ እናቴ የሰጡኝን ፌስታል፣ በሌላው እጄ የበሩን እጀታ ይዤ ስለነበር፣ ትከሻዬ ላይ ያንጠለጠልኩት ቦርሳ ጠባቂ ሳይኖረው ወደ ኋላዬ ዞሯል። ከፊቴ የነበረ ወጣት አንድ እግሩን መኪናው ላይ እንዳሳረፈ “ሳንቲም ወደቀብኝ” ብሎ አጎነበሰ፤ ከኋላዬ ያሉት ደግሞ “ግቡ እንጂ!” እያሉ ገፉኝ። ወጣቱ ሳይሳፈር ሲመለስ “ይቅርታ እናቴ” አለኝ፤ እኔም “ምንም አይደል ልጄ” ብዬ መንገድ ለቀቅሁለት። ሐረማያ ደርሰን ለልጄ ልደውል ቦርሳዬን ብነካ፣ ዚፑ ተከፍቷል፤ ስልኬም የለም።

የስልኩ መጥፋት ብቻውን ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላሳሰበኝ። እኔ ግን ብዙ ሰው እንደሚያደርገው፣ በስልኩ መሸፈኛ ውስጥ መታወቂያዬንና የባንክ ካርዴን ሰክቼ ነበር የምይዘው። የሞባይል ባንኪንግ የሚስጥር ቁጥሬ ደግሞ የተወለድኩበት ዓመት ነበር፤ ዓመቱም መታወቂያው ላይ በግልጽ ተጽፏል። ስልኬ በጣት አሻራ የሚከፈት ስለነበር ልቤ ተማምኖ ነበር፤ ሌባው ግን ስልኩን መክፈት አላስፈለገውም። ሲም ካርዱን አውጥቶ በሌላ ቀፎ ውስጥ ከትቶ፣ ከመታወቂያዬ ያገኘውን ቁጥር ሞክሮ፣ ለእናቴ መድኃኒት ያስቀመጥኩትን 11,400 ብር በዚያው ምሽት በሁለት ጊዜ አዛውሮ ወስዶታል። ይህን ያወቅሁት ሰኞ ጠዋት ባንክ ቤት ሄጄ ነው።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ከሐረማያ እስከ ድሬዳዋ ያባከንኩት ጊዜ ነው። አጠገቤ የተቀመጠ ልጅ “እናቴ፣ በኔ ስልክ ይደውሉ” ብሎ ሰጥቶኝ ነበር። እኔ ግን ሌባው ያነሳልኝ ይመስል የገዛ ራሴን ቁጥር ደጋግሜ ደወልኩ፤ ከዚያ ለልጄ ደወልኩና አብረን ተላቀስን። ያን ጊዜ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውዬ ሲሙ እንዲታገድ፣ ቀጥሎም ወደ ባንኩ የጥሪ ማዕከል ደውዬ ሂሳቡ እንዲዘጋ ማድረግ ነበረብኝ፤ ይህን ባደርግ ብሩ ይተርፍ ነበር ብዬ አምናለሁ። ባንኩ ስልክ እንዳለው ባውቅም ቁጥሩን በቃሌ አልያዝኩትም፤ የጻፍኩትም እዚያው በተሰረቀው ስልክ ውስጥ ነበር።

ስለዚህ መንገደኛ ሁሉ ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት እንዲያደርግ የምለምነው ነገር ቢኖር፣ ሲም ካርዱን በራሱ የሚስጥር ቁጥር እንዲቆልፍ፣ የባንክ ሚስጥር ቁጥሩን ከልደት ዓመቱም ከስልክ ቁጥሩም የራቀ እንዲያደርግ፣ መታወቂያና ካርድን ከስልክ ጋር በአንድ ቦታ እንዳይዝ ነው። ስልኩ ላይ ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ሲጫን የሚወጣውን ባለ 15 አሃዝ የቀፎ መለያ ቁጥር፣ ከ994ና ከባንኩ ቁጥር ጋር በወረቀት ጽፎ አንዱን ቤቱ ቢያስቀምጥ፣ አንዱን ኪሱ ቢይዝ፣ ለፖሊስ በሚያመለክትበት ጊዜ “ጥቁር ሳምሰንግ ነው” ከማለት የተሻለ ማስረጃ ይኖረዋል።

ከዚያ ወዲህ ወደ መናኸሪያ ስሄድ ቆም ብዬ መመልከት ልማዴ ሆኗል፤ ያየሁትንም ልናገር። ኪስ አውላቂ ብቻውን አይሠራም። አንዱ መንገድ ይዘጋል፣ ሁለተኛው ይመነትፋል፣ ሦስተኛው ተቀብሎ ይሰወራል፤ በዚህም ምክንያት የተጠረጠረውን ይዘው ቢፈትሹት ብዙ ጊዜ ምንም አይገኝበትም። ጃኬት ወይም ፎጣ በክንዱ ላይ አንጥፎ የሚጋፋ ሰው እጁን የሸፈነበት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ልብስዎ ላይ ምራቅ ወይም ቆሻሻ አረፈ ብሎ ሊጠርግልዎ የሚጣደፍ ሰው ሲያጋጥም፣ አመስግኖ ፈንጠር ማለትና ራስ መጥረግ ይሻላል። በገበያ መካከል “ሌባ አለ፣ ተጠንቀቁ!” የሚል ድምፅ ሲሰማ ደግሞ ሁላችንም ሳናስበው ገንዘባችን ያለበትን ቦታ እንዳብሳለን፤ አድፍጦ የሚጠብቀን ሰው የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ቀፊራ ገበያ በበዓል ዋዜማ ሲጨናነቅ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

በእኛ መንገድ ላይ ብቻ የሚያጋጥም አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ወይና ደጋ ስለሆነች ሰው ማታ ማታ ጃኬት ደርቦ ይሳፈራል፤ ከደንገጎ ቁልቁል ስንወርድ ግን የድሬዳዋ ሙቀት ከታች ይቀበለናል። ያኔ ሁሉም ጃኬቱን አውልቆ የወንበር መደገፊያ ላይ ይጥላል፣ ወይም አጥፎ ከጎኑ ያኖራል፤ የኪስ ቦርሳው ከጃኬቱ ውስጥ እንዳለ ይረሳዋል፤ ብዙውም እንቅልፍ ይወስደዋል። ድሬዳዋ ሲደረስ ጃኬቱ አለ፣ ቦርሳው የለም። ጃኬት ከማውለቅ በፊት ኪሱን ባዶ ማድረግ ምንም ድካም የለውም፤ ይሁንና በዚህ ምክንያት የተዘረፉ ሦስት የቀድሞ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ።

እናቴ ለዚህ ሁሉ መልሳቸው መቀነት ነው። እርሳቸው የመሳፈሪያውን ብር ብቻ በእጃቸው ይዘው፣ ሌላውን በመቀነታቸው ቋጥረው ከቀሚሳቸው ሥር ይታጠቁት ነበር፤ መንገድ ላይ ሲፈቱት አይቼ አላውቅም። እኔ መምህርት ከሆንኩ በኋላ ይህን እንደ ኋላ ቀርነት ቆጥሬ በቦርሳ ተካሁት። አሁን ግን ከቀሚሴ ሥር የምታጠቀው ዚፕ ያለው ትንሽ የጨርቅ ከረጢት አሰፍቻለሁ፤ በቀን የሚያስፈልገኝን ጥቂት ብር ለብቻ ይዤ ሌላውን እስክደርስ አልነካውም። የጀርባ ቦርሳ የሚይዙ ተማሪዎችም ሲሳፈሩ ወደ ደረታቸው ቢያዞሩት፣ በምላጭ ከመቀደድ ይድናሉ። በባጃጅ ለምንሄድ ደግሞ፣ ባጃጁ ቆሞ ሳለ በሩ በኩል ስልክ ይዞ ማውራት ለነጣቂ ማቀበል ነው።

አንድ ከባድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ከጥቂት ወራት በፊት በአንድ መናኸሪያ፣ ዕድሜው ከ14 ዓመት የማይበልጥ ልጅ “ሌባ ነው” ተብሎ በጫማና በቡጢ ሲደበደብ ደርሻለሁ። ቦርሳዬ ጠፋ ብላ የጮኸችው ሴት፣ ልጁ ደም በደም ከሆነ በኋላ ቦርሳዋን እዚያው ዘንቢሏ ውስጥ፣ ከሽንኩርቱ ሥር አገኘችው። ማንም ይቅርታ አልጠየቀውም፤ ሁሉም ወደየመኪናው ገባ። የተሰረቀ ሰው ንዴት ምን እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ፤ ሆኖም ስርቆት በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 665 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያስቀጣ የሚችል ወንጀል ነውና፣ ጥፋተኛውን የሚለይ ፍርድ ቤት አለው። የጎዳና ልጆች ያየነውን ሁሉ በሌብነት መጠርጠራችንም ዋናውን ሌባ ይጠቅመዋል፤ እኔን የዘረፈኝ ወጣት ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰና በትሕትና ይቅርታ የጠየቀኝ ነበር።

የተሰረቀው ስልክ የት ይሄዳል ብሎ መጠየቅም ያስፈልጋል። ካርቶንና ደረሰኝ የሌለውን ስልክ በግማሽ ዋጋ የሚገዛ ሰው ባይኖር፣ በመኪና በር ላይ የሚጋፋን ሰው ባልኖረ። የሰረቀው ብቻ ሳይሆን የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የሚገዛውም በሕግ ይጠየቃል። ርካሽ ስልክ ተገኘ ብለው ለልጆቻቸው የሚገዙ ወላጆች ይህን እንዲያስቡበት እለምናለሁ።

ከሁሉ በላይ ግን መፍትሔው ያለው በሰልፍ ላይ ነው። በየመናኸሪያው ተራ አስከባሪዎች አሉ፤ የመኪናውን ተራ ያስከብራሉ፣ የተሳፋሪውን ግን አያስከብሩም። ሰው በመጣበት ቅደም ተከተል ተሰልፎ አንድ በአንድ ቢገባ፣ ግፊያ አይኖርም፤ ግፊያ ከሌለ ደግሞ ሰው እጁን ከቦርሳው ላይ አያነሳም፣ መንገድ የሚዘጋውም ወዲያው ይታወቃል። ለዚህ የሚያስፈልገው ገመድ፣ መብራትና አንድ ሰው ብቻ ነው። የሁለቱም ከተሞች የትራንስፖርት ኃላፊዎች ቢያንስ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ድረስ ባለው የግርግር ሰዓት እንዲሞክሩት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ እየቀረበ ነው። በታኅሣሥና በሐምሌ ከየአገሩ የሚመጣው ምእመን ስለቱን፣ የመንገዱን ገንዘብና ስልኩን አንድ ላይ ይዞ፣ ደክሞትና እንቅልፍ አጥቶ፣ በነጠላና በጃንጥላ በተሸፈነ ሕዝብ መካከል ይቆማል። አብዛኛው አካባቢውን አያውቅም፤ ሲሰረቅም ወደ አገሩ የሚመለስበት አይኖረውም። እኔም በዚያን ዕለት እናቴን ይዤ እሄዳለሁና፣ ጋዜጣዎ ከበዓሉ በፊት በሚወጣው ዕትም የ994ን፣ የፖሊስን የ991ንና የየባንኮቹን የጥሪ ማዕከል ቁጥሮች በአንድ ላይ፣ ተቆርጦ ኪስ ውስጥ በሚገባ መጠን እንዲያትምልን እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ አንዲት የጋዜጣዎ አንባቢ