የባዮሎጂ ክበብ ዘንድሮ፦ ጥንዚዛው፣ አንጀቱና አፈሩ

«ክበቡ ዓመቱን ሙሉ ጥንዚዛ ሲያሳድድ ከረመ» የሚለው ቀልድ መምህራን ክፍል ድረስ ዘልቋል። አንክድም። የኮሚቴ ምርጫውም ሳምንታዊ ስብሰባውም እንደ ወጉ ተካሂዷል፤ ቀልደኞቹ ያላዩትን እንንገራቸው።

የመሬት ጥንዚዛ ካራቢዴ ከሚባለው ቤተሰብ ነው፤ በዓለም ላይ ወደ 40,000 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት። አብዛኞቹ ሌሊት ወጥተው ትናንሽ ነፍሳት ያድናሉ፤ የአረም ዘር የሚበሉም አሉ። በሰሜን አሜሪካ በአንድ ዘር በል ዝርያ ላይ የአንጀቱ ባክቴሪያ በመድኃኒት ሲቀነስ ጥንዚዛው የሚበላው ዘርም ቀንሷል። እኛ የጠየቅነው፦ ከቤተ ክርስቲያን ደን፣ ከጥድና ከወይራ ጥላ ሥር የተያዘውና አንገረብ ወንዝ ዳር ካለ ማሳ የተያዘው ጥንዚዛ በአንጀታቸው የያዙት ባክቴሪያ ይለያያል ወይ?

ወጥመዱ የእርጎ ኩባያ ነው። አፉ ከመሬት እኩል ይቀበራል፤ ጠርዙ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ካለ ጥንዚዛው ዞሮ ያልፋል። ሥሩ ለዝናብ በመርፌ ይበሳል፤ በላዩም ጠፍጣፋ ድንጋይ በሦስት ጠጠር ላይ ይቀመጣል። የሞተ ጥንዚዛ አንጀቱ ቶሎ ስለሚበሰብስ የሳሙና ውሃ አንጨምርም፤ ጎህ ሲቀድ በሕይወት እንለቅማለን። እያንዳንዱ ለብቻው ብልቃጥ ይገባል፤ አለዚያ ይበላላሉ።

ኅዳር ላይ የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅደን ደኑ ውስጥ ለቀማውን ጨርሰን ልንመለስ ስንል፣ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ አልንቀሳቀስም አለች። «ቲቸር፣ ጥንዚዛው የሚሄደውም የሚበላውም አፈር ላይ ነው። አፈሩን ካልወሰድን ባክቴሪያው የጥንዚዛው ይሁን የአፈሩ በምን እናውቃለን?» ባጃጁ ጥሩምባውን እየነፋ፣ እሷ በየጉድጓዱ ጎን አፈር ዘገነች፤ ማንኪያዋን በየመሀሉ በአልኮል ትጠርግ ነበር። ጥናቱን ጥናት ያደረገው ይህ አፈር ነው።

ጥንዚዛው የበላው እንዲወጣለት 24 ሰዓት ይጾማል። በፍሪዘር ከሞተ በኋላ በ70 በመቶ አልኮል ይታጠባል፣ ንጹሕ በሆነ የተቀቀለ ውሃ ይለቀለቃል፣ ከዚያ አጋር (ባክቴሪያ የሚበቅልበት የረጋ ምግብ) ላይ ይንከባለላል፤ እዚያ ላይ ከበቀለ እጥበቱ አልሠራም። አንጀቱ በወረንጦ ተስቦ በሊትር 8.5 ግራም ጨው ባለበት ውሃ ይፈጫል፤ ደጋግሞም አሥር እጥፍ ቀጥኖ አጋር በያዘ ሳህን ላይ ይደረጋል፤ አፈሩም እንዲሁ። ሳህኖቹ ዳር ዳራቸው በፕላስተር ታሽጎ በክፍል ሙቀት ይቀመጣሉ። 37 ዲግሪ ሰውን የሚያሳምሙትን ስለሚያፋፋ አንሞክረውም። ክዳን አይከፈትም፤ መጨረሻው በረኪና ነው።

የመጀመሪያውን ዙር ሻጋታ በላው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ አጋሩን በማፍላት ብቻ ሙቀት የሚቋቋም ስፖር (የተኛ የሻጋታ ወይም የባክቴሪያ ዘር) አይሞትም። ከአንድ ወላጅ የተዋስነው ፕሬዠር ድስትም በ15 ፓውንድ ግፊት ባሕር ወለል ላይ 121 ሲደርስ እዚህ 117 አካባቢ ይቀራል። በድስቱ የሚቆይበትን 15 ደቂቃ ወደ 30 ስናሳድገው ሻጋታው ቀረ።

ለንጽጽር ሳይጾሙ የተመረመሩት ጥንዚዛዎች ሳህን ከአፈሩ ሳህን ጋር ብዙ ይመሳሰላል። የጾሙት ላይ የኮሎኒ (በዓይን የሚታይ የባክቴሪያ ክምር) ዓይነት ቢያንስም የደኑና የማሳው ልዩነት አልጠፋም። አጋር ላይ የሚበቅለው ከባክቴሪያው ጥቂቱ ብቻ ነውና ከዚህ በላይ አንናገርም።

ለወላጅ መምህር ኅብረት፦ የምንፈልገው የራሳችን ፕሬዠር ድስትና ግማሽ ኪሎ የኑትሪየንት አጋር ዱቄት ነው። በሊትር 28 ግራም፣ በሳህን 20 ሚሊ ሊትር ሲታሰብ ወደ 900 ሳህን ይሞላል። ለበዓል ባነር በየዓመቱ ገንዘብ አይታጣም፤ የተዋስነውን ድስት ግን የሰጠችን ወላጅ ለፋሲካ ትፈልገዋለች።