የዓሣ ጫጩቱን ቁጥር ከክረምት በኋላ ንገሩን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የወንዝና የሐይቅ ዓሣ ተመናመነ በተባለ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው መረብ ላይ ነው። መፍትሔውም የታወቀ ነው፤ ጫጩት አርብቶ ውኃ ውስጥ መልቀቅ። አለቀ፣ ደቀቀ። መረቡ ጥፋት የለበትም አልልም። ግን ውኃ በበረዶ በሚሸፈንባቸው አገሮች የብዙ ጫጩት ዕጣ የሚለየው በመጀመሪያው ክረምት፣ ማለትም በብርዱ ወቅት ነው፣ እሱን ደግሞ የሚያነሳው የለም።

ጫጩቱ ብርዱ እስኪገባ ያለው ጥቂት ወራት ብቻ ነው። በነዚህ ወራት ማደግም፣ ስብ ማጠራቀምም አለበት። ክረምት ሲገባ ምግቡ ይቀንሳል፣ ቢያገኝም ውኃው ስለሚቀዘቅዝ እንደ ልቡ አይበላም፣ ስለዚህ የሚኖረው ከያዘው ስንቅ ላይ እየቆነጠረ ነው። ትንሹ ዓሣ ደግሞ ከክብደቱ አንጻር ሲታይ ከትልቁ የበለጠ ጉልበት ያቃጥላል፣ ያጠራቀመው ግን ያነሰ ነው። ዘግይቶ የተፈለፈለው ብዙ ጊዜ በረዶው ሳይቀልጥ ስንቁ ያልቅበታል። ይሄ ስሞልማውዝ ባስና የሎው ፐርች በሚባሉ የዓሣ ዓይነቶች ላይ በደንብ የተጠና ነገር ነው።

ክረምቱ ሞቅ ካለ ይሻላቸዋል የሚሉ አሉ። ሁሌም አይደለም! የዓሣ ሰውነት ከውኃው ጋር አብሮ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ስቡን ቶሎ ይጨርሳል፣ በቂ ምግብ ካልተገኘ ትርፉ ረሃብ ነው።

መጠለያም አለ። ወጣት ሳልሞንና ትራውት በብርድ ጊዜ ቀን ቀን በድንጋይ መሃል ይደበቃሉ፣ የሚወጡት ማታ ነው። ከመንገድ ሥራ፣ ከእርሻና ከተመነጠረ ደን የሚታጠበው ደለል ያንን ክፍተት ሲደፍነው የት ይግቡ? ግድቡም ለመብራት ሲባል ውኃውን ድንገት ሲያጎድለው ዳር ያሉት ጫጩቶች ደረቅ ላይ ይቀራሉ። ጥልቀት በሌለው ሐይቅ ደግሞ በረዶው አየሩን ይዘጋል፣ በላዩ የተከመረው አመዳይ ብርሃን ይከለክላል፣ የውኃ ውስጥ ዕፅዋት ኦክስጅን መስራት ያቆማሉ፣ የበሰበሰው ነገር ደግሞ የቀረውን ይጨርሰዋል። ትልቁም ትንሹም አብሮ ያልቃል።

ብዛት ያለው ዓሣ አንድ መጥፎ ክረምት ቢያልፍበት ሌሎች ዓመታት የተወለዱት ይተኩታል። እየተመናመነ ላለው ግን ይሄ መተማመኛ የለም። ቁጥሩ ሲያንስ ለተረፉት ምግብ ይበቃል፣ ያ እውነት ነው፣ ብርዱ ግን ጥቂት ናችሁ ብሎ አይራራም።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። ባለሥልጣን ወጥቶ ይሄን ያህል ጫጩት ለቀናል ሲል፣ እናንተም ዜናውን እንዳለ አታትሙት። በረዶው ከቀለጠ በኋላ ስንት ተገኘ? ከመለቀቃቸው በፊትስ መጠናቸው ምን ያህል ነበር? ግድቡ በክረምት ውኃ የሚለቅበት ሰዓት ማን ጋ ነው የሚወሰነው? ይሄን ጠይቁልን።

የዘወትር አንባቢያችሁ