በትልልቆቹ ኩባንያዎች ውስጥ «እምብዛም አይገኙም» የተባልነው እኛ ነን

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ዓለም አቀፍ ኩባንያዎችና ስለ አውሮፓ የሥራ ገበያ ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤዋለሁ። እዚህ ፍራንክፈርት ብዙ ሰው አንብቦታል፤ በየቴሌግራም ግሩፑ ሲዞር ነው የሰነበተው። አብዛኛው ደህና ነው። ኩባንያዎቹ ስንት ሰው እንደቀጠሩ፣ ግብር የት እንደሚከፍሉ፣ ለምን ከአንዱ አገር ነቅለው ወደ ሌላው እንደሚሄዱ ተጽፏል። እኔን ያንገበገበኝ መጨረሻው አካባቢ ጣል የተደረገች አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በእነዚህ ኩባንያዎች ውስጥ «እምብዛም አይገኙም» ትላለች። ምክንያቱንም የቋንቋና የሙያ ማነስ አድርጋ ታልፋለች።

እምብዛም አንገኝም? ጸሐፊው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ወደ ፍራንክፈርት አየር ማረፊያ በሚሄደው ባቡር ተሳፍሮ ያውቃል? አማርኛና ትግርኛ ሳይሰማበት የሚያልፍ ቀን የለም። ጭነት የሚያወርደው፣ አውሮፕላን የሚያጸዳው፣ የመንገደኛውን ምግብ ትሪ ላይ የሚደረድረው ማነው? ከተማው መሀል ባሉት የባንክ ፎቆች ማታ ማታ ቆሻሻ የሚያወጣው ማነው? የልጆቻችን እናቶችና አባቶች ናቸው። በየትልቁ ኩባንያ ግቢ ውስጥ ነን። የሌለነው ዘጋቢያችሁ የተመለከተው ቁጥር ውስጥ ነው።

እኔ ራሴ በዓለም ስሙ በታወቀ ኩባንያ መጋዘን ውስጥ ዓመታት ሠርቻለሁ። ስሙን አልጠራም፤ ጉዳዬ ከአንድ ኩባንያ ጋር አይደለም። ግቢው የእነሱ ነው። በእጄ የምይዘው ስካነር የእነሱ ነው። ስንት ሰዓት እንደምገባ፣ በሰዓት ስንት ዕቃ እንደማነሳ፣ መቼ ለዕረፍት እንደምወጣ የሚወስነው የእነሱ አለቃ ነው። ደመወዜን የሚከፍለኝ ግን ኤጀንሲ ነበር። ስለዚህ ኩባንያው «ሠራተኞቼ ይህን ያህል ናቸው» ብሎ ሲያሳውቅ እኔ የለሁበትም። የተቆጠርኩት የሰው ኃይል በሚያከራየው ድርጅት ፔሮል (የደመወዝ መዝገብ) ላይ ነው። አብረውኝ የሚሠሩት የጽዳት ሠራተኞች ደግሞ በሦስተኛ ድርጅት ስም ናቸው፤ በሩ ላይ የሚቆመው ጥበቃ በአራተኛ። አንድ ጣሪያ ሥር ነን፣ ለአንድ ኩባንያ ነው የምንሠራው፣ ወረቀታችን ግን አራት ቦታ ተበትኗል።

ሒሳቡ ላይ ደግሞ ይብሳል። ቋሚ ሠራተኛ በሠራተኛ ወጪ ሥር ይመዘገባል። የኤጀንሲ ሠራተኛ ግን ለኤጀንሲው የሚከፈል የአገልግሎት ክፍያ ስለሆነ፣ በብዙ ኩባንያዎች ሒሳብ የሚቀመጠው ከተገዙ ዕቃዎችና አገልግሎቶች ጋር ነው። የማነሳው ካርቶንና እኔ በአንድ ረድፍ ላይ ነን ማለት ነው። ዘጋቢያችሁ ያንን የኩባንያ ሪፖርት ይዞ ነው እንግዲህ ኢትዮጵያዊ የፈለገው።

ሕጉንም ላንሳ፤ ዘገባው የአውሮፓ ሠራተኛ በሕግ የተጠበቀ ነው ብሎ በአንድ ቃል ስላለፈው። ጀርመን የኤጀንሲ ሥራ ሕጓን እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2017 አሻሽላለች (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አንድ ሰው ለአንድ ኩባንያ በኤጀንሲ በኩል በመሠረቱ ከ18 ወር በላይ መሥራት የለበትም። ከዘጠኝ ወር በኋላ ደግሞ ከቋሚው ሠራተኛ እኩል ሊከፈለው ይገባል። የኅብረት ስምምነት ካለ ይህ እስከ 15 ወር ሊራዘም ይችላል። ሲነበብ ደስ ይላል። ግን አንድ ቀዳዳ አለው። ሠራተኛው ከሦስት ወር በላይ ከዚያ ኩባንያ ከራቀ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል።

እኔ ላይ የደረሰው ይህ ነው። ደመወዜ እኩል ሊሆን የተቃረበ ሰሞን «ሥራ ቀንሷል» ተባልኩ። መጋዘኑ ውስጥ ሥራ እንዳልቀነሰ በዓይኔ አይቻለሁ፤ በቦታዬ አዲስ ሰው ገብቶ እኔው ነኝ ስካነሩን ያስለመድኩት። ሦስት ወሩ ካለፈ በኋላ ኤጀንሲው ደወለልኝ። ያው መጋዘን፣ ያው መስመር፣ የመጀመሪያው ደመወዝ። እንደ አዲስ ሠራተኛ። ያን ጊዜ ባለቤቴን ከአዲስ አበባ ለማምጣት እየተሯሯጥኩ ነበር። የውጭ ዜጎች ቢሮ የገቢ ማስረጃ ይፈልጋል። ቤት አከራይ ኮንትራት አሳዪ ይላል። በየጊዜው የሚቋረጥ የኤጀንሲ ኮንትራት ይዞ የሚሄድ ሰው ምን እንደሚባል የደረሰበት ያውቀዋል። ስንቶቻችን በዚህ ምክንያት ከትዳራችንና ከልጆቻችን ተለያይተን ዓመታት እንደገፋን ዘጋቢያችሁ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መጥቶ ይጠይቅ።

የሠራተኛ ድምፅ ስለሚባለውም እንዲሁ። በጀርመን ኩባንያዎች ውስጥ የሠራተኞች ምክር ቤት በየአራት ዓመቱ ከማርች እስከ ሜይ ባለው ጊዜ ይመረጣል። የኤጀንሲ ሠራተኛ ከሦስት ወር በላይ የሚቆይ ከሆነ ድምፅ መስጠት ይችላል። መመረጥ ግን አይችልም። ኩባንያው ጽዳቱን በኮንትራት የሰጠው የሌላ ድርጅት ሠራተኛማ ድምፅም የለውም። ሕንፃውን በየቀኑ የሚያጸዳው ሰው ስለ ሕንፃው አንድ ነገር ማለት አይችልም።

ይህ የሐበሻ ለቅሶ ብቻ እንዳይመስላችሁ ዘገባው ራሱ ያነሳውን ምሳሌ ልውሰድ። ኖኪያ በጃንዋሪ 2008 በጀርመኗ ቦኹም ከተማ ያለውን ፋብሪካዬን ዘግቼ ወደ ሩማንያ እሄዳለሁ ማለቱን ጽፋችኋል። 2,300 ሠራተኞች መባረራቸውንም ጽፋችኋል። ኩባንያው ከጀርመን መንግሥትና ከክልሉ ወደ 88 ሚሊዮን ዩሮ ድጎማ መውሰዱ ያስነሳውን ቁጣም አስታውሳችኋል። ጥሩ። ግን በዚያ ፋብሪካ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ የኤጀንሲ ሠራተኞችም ነበሩ። ለቋሚዎቹ ካሳ 200 ሚሊዮን ዩሮ ድርድር ሲደረግ እነዚህ ሰዎች የት ሄዱ? ካሜራ ፊት ያለቀሱት ቋሚዎቹ ናቸው፤ ሐዘናቸውም እውነተኛ ነበር። የኤጀንሲ ሰው ግን ሲወጣ ተባረረ አይባልም። «ምደባው አበቃ» ነው የሚባለው። ሩማንያ ክሉዥ ከተማ አጠገብ የተከፈተው ፋብሪካ ደግሞ በ2011 ተዘጋ። ያቺው ቦኹም በ2014 የጄኔራል ሞተርስ የነበረውን የኦፔል ፋብሪካ አጣች። በእያንዳንዱ መዝጊያ ላይ ጋዜጦች የሚጽፉት ቁጥር የቋሚዎቹን ነው።

እነዚህን ሰዎች መቁጠር አይቻልም ነበር እንዳትሉኝ። ኮምፒውተር አምራቹ ዴል በ2009 አየርላንድ ሊመሪክ ውስጥ 1,900 ሰው ቀንሶ ምርቱን ወደ ፖላንድ ሲያዛውር የአውሮፓ ኅብረት ለሠራተኞቹ መልሶ ማቋቋሚያ 14.8 ሚሊዮን ዩሮ መድቧል። በዚያ ገንዘብ የዴል ቋሚ ሠራተኞች ብቻ ሳይሆኑ ዕቃና አገልግሎት የሚያቀርቡለት ድርጅቶች ሠራተኞችም ታስበውበታል። ብራስልስ ካየቻቸው እናንተም ልታዩዋቸው ትችላላችሁ።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን የሥጋ ፋብሪካዎቹ ነው። በጁን 2020 ኮሮና ጊዜ ሬዳ-ቪደንብሩክ ከተማ በሚገኘው የቶኒስ ሥጋ ፋብሪካ ከ1,000 በላይ ሰዎች ተያዙ። በዚያን ጊዜ ነው ጀርመን እዚያ ውስጥ ማን እንደሚሠራ የጠየቀችው። ብዙዎቹ ከሩማንያ፣ ከቡልጋሪያና ከፖላንድ የመጡ፣ በሰብ ኮንትራክተር (ሥራውን ከፋብሪካው በኮንትራት በሚወስድ ሌላ ድርጅት) ስም የሚሠሩ፣ ጠባብ ቤት ውስጥ ተጨናንቀው የሚያድሩ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ ምን ሆነ? ፓርላማው ሕግ አወጣ። ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ በሥጋ ማረድና መቁረጥ ሥራ ላይ ሰብ ኮንትራክተር ተከለከለ፤ ከኤፕሪል ጀምሮ የኤጀንሲ ሠራተኛም እንዲሁ፣ ለጊዜው ከተተወች ጠባብ ልዩነት በቀር። ፋብሪካዎቹ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን በራሳቸው ስም ቀጠሩ። ቋንቋቸው በአንድ ሌሊት አልተሻሻለም። ሙያቸውም ያው ቢላዋ መያዝ ነው። የተቀየረው ሕጉ ብቻ ነው። እንግዲህ ከኩባንያው መዝገብ ውጭ ያቆያቸው የቋንቋና የሙያ ማነስ ነበር?

የጥቅል አድራሾቹም ነገር አለ። የአማዞንን ስም ብዙ ጊዜ አንስታችኋል፤ በ2013 ባድ ሄርስፌልድ ላይ ስለጀመረው የሥራ ማቆም አድማም ጽፋችኋል። ቤታችሁ በር ላይ ጥቅሉን የሚያደርሰው ሾፌር ግን በአብዛኛው የሌላ አነስተኛ ድርጅት ሠራተኛ ነው። ስለ እሱ አንድ መስመር የለም። ጀርመን በ2019 ባወጣችው ሕግ ሰብ ኮንትራክተሩ የሾፌሩን የማኅበራዊ ዋስትና ክፍያ ካልከፈለ ተጠያቂው ሥራውን የሰጠው የጥቅል ድርጅት ይሆናል። የአገሪቱ ሕግ ያየውን ግንኙነት ጋዜጣችሁ እንዴት ማየት ተሳነው?

ስለ ሙያ ማነስ የተባለውን ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። እኔ አዲስ አበባ አካውንታንት ነበርኩ። ከእኔ ጋር ካርቶን ሲያነሱ ከነበሩት አንዷ ነርስ ናት፣ አንዱ ደግሞ የሂሳብ መምህር። ከ2012 ጀምሮ የውጭ አገር ትምህርትና ሙያን ለማስገመት የሚያስችል ሕግ ጀርመን ውስጥ አለ። ሂደቱ ግን ጊዜም ገንዘብም ይበላል፤ የሌሊት ሺፍት እየሠራ የጀርመንኛ ፈተና የሚያጠና ሰው እንቅልፉን ነው የሚሸጠው። ይህን ሁሉ የሚያደርጉ ልጆች አሉን። «የሙያ ማነስ» ብሎ ማለፍ በእነሱ ላይ ግፍ ነው። እናቴ ያንን ዓረፍተ ነገር ደብረ ብርሃን ሆና በስልኳ አንብባ ደወለችልኝ። ምን ያህል እንደከበደኝ አልደብቅም።

ለኩባንያዎቹም ፍርዱን በልኩ ልስጥ። ቋሚ ሆነው የተቀጠሩ ሰዎች ጥሩ ይከፈላቸዋል፤ ጡረታቸውም፣ የዓመት ፈቃዳቸውም የተከበረ ነው። በከተማው ካሉ ብዙ ትናንሽ ድርጅቶች የተሻለ ነው። ከእኛም ልጆች ኢንጂነርና ፕሮግራመር ሆነው የገቡ አሉ፤ ኮርተንባቸዋል። ዓለም አቀፍ ኩባንያ ይውጣ የሚል ሰው አላውቅም፤ እኔም አልልም። ችግሩ ዘገባችሁ የቋሚውን ደመወዝ ወስዶ የሁሉም አድርጎ ማቅረቡ ነው። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ የጀርመን ዝቅተኛ ደመወዝ በሰዓት 13.90 ዩሮ ነው። በዚያው ጣሪያ ሥር ከዚያ ብዙም የማይርቅ የሚከፈለው ሰው አለ፤ አማካዩ ያማረው እሱ ስላልተቆጠረ ነው።

ዘጋቢያችሁ «መረጃ የለም» ሊል ይችላል። አለ። የጀርመን የፌዴራል ሥራ ኤጀንሲ ስለ ኤጀንሲ ሠራተኞች በየጊዜው ስታቲስቲክስ ያወጣል። በዚያ ውስጥ የውጭ ዜጎች ድርሻ ከአጠቃላይ ሠራተኛው ጋር ሲነጻጸር በጣም ከፍ ያለ ነው። የአውሮፓ ኅብረትም በ2022 ባጸደቀው መመሪያ መሠረት ትልልቅ ኩባንያዎች በራሳቸው ፔሮል ላይ የሌሉ ሠራተኞቻቸውንም እንዲያሳውቁ የሚጠይቅ የሪፖርት ደንብ አወጣ። ብዙም ሳይቆይ በፌብሩዋሪ 2025 የአውሮፓ ኮሚሽን ራሱ ግዴታው ይቀነስ የሚል ሐሳብ አቀረበ። የማን ጫና ነው ያንን ያመጣው? ይህ ለዘገባ የሚበቃ ጉዳይ ነው። እኛ ስለማንቆጠር እናንተ መጠየቅ አለባችሁ።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ያቺ «እምብዛም አይገኙም» የምትል ዓረፍተ ነገር ትታረም፤ እርማቱም ዘገባው በወጣበት በዚያው ቦታ ላይ ይውጣ፣ ታች ጥግ ላይ አይቀበር። ደግሞ ቀጣዩን ዘገባ ስትሠሩ ለኩባንያው ቃል አቀባይ «ስንት ሠራተኛ አላችሁ?» ብላችሁ አታቁሙ። «ዛሬ በግቢያችሁ ውስጥ ሥራ ላይ ካሉት ሰዎች ስንቱን ሌላ ድርጅት ነው የሚከፍለው?» በሉት። ካልመለሰ አለመመለሱን ጻፉ። የሌሊት ሺፍት ሠራተኞችን ማነጋገር ከፈለጋችሁም እኔ አገናኛችኋለሁ። ስማቸው እንዳይወጣ ነው የሚለምኑት፤ ኮንትራታቸው በየወሩ የሚታደስ ሰዎች ናቸውና።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የመጋዘን ሠራተኛ
ፍራንክፈርት